ከሥር ወደ ላይ

መምህሯ ዶክተር አጥናፉ የእሷን ጥናት በገዛ ስማቸው አሳትመው ሲከበሩበት፣ እሷ ቂሟን ይዛ ዝም አለች። ዛሬ ግን ቀኗ ደረሰ። ልጃቸው ሶስና ለሥነ ልሳን ዶክትሬት ስትቀርብ ፈታኟ እሷ ሆነች። ሰውዬው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። በልጃቸው ልታዋርዳቸው ቆርጣ ነው የመጣችው።

«እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጀምረሽ ገንቢልኝ» አለቻት። «መጀመሪያ ግሡን።»

ሶስና ከሰሌዳው ግርጌ «ሰረቀ» ብላ ጻፈች።

«ምኑን? ተሳቢውን አምጪ እንጂ።»

ልጅቷ «ጥናትዎን» የሚለውን ቃል ጽፋ ከግሡ ጋር በመስመር አጣመረችው።

ፈታኟ የተባለው የራሷ ጥናት መሆኑ ገባት።

«ይበቃል፣ ተቀመጪ» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ባለቤቱ ሳይገባ አያልቅም» አለች ሶስና። ከዚያ ከሁሉም በላይ «አባቴ» ብላ ጻፈች።