ከጎኗ የተቀመጠው

አባትየው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ልጁን መንዳት ሲያስተምራት ግን ይጮህባታል፤ እሷም ሞተሩን ታጠፋና ታለቅሳለች። ከእናቷ ጋር ስትወጣ መኪናዋ እንደ ውሃ ትፈስላታለች። ይህ አንጀቱን ያሳርረው ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ በእግሩ ሲመለስ መኪናቸው አልፋው ሄደች። ልጅቷ መሪውን ይዛ ትስቃለች። «ይኸው፣ ከእናቷ ጋር ሲሆን ጥርሷ አይከደንም» እያለ ቤት ደረሰ።

እናትየው ግን ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ልጅቷን ለማን ሰጠሻት?»

«ለአንተ ነዋ። አሁን አብራችሁ ወጣችሁ አይደል?» አለችና የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ።

መኪናዋ ዞራ መጥታ በራቸው ላይ ቀስ አለች። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«በይ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ፣ አንድ ዙር እንጨምር» አላት ከጎኗ የተቀመጠው፣ በራሱ በአባትየው ድምፅ፤ አባትየው አንድም ቀን ባላናገራት ልስላሴ።

«እሺ አባዬ» አለች።