የሚቀለው ቃል

ማኪያቶ ሲያምረው ሻይ ያዛል። ታክሲ ውስጥ «ካዛንቺስ» አልወጣው ካለ «ስታዲየም» ብሎ ይወርድና የቀረውን በእግሩ ያዘግማል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል፤ ለራሱ ግን ሻዩንም የእግር መንገዱንም «ወድጄ የመረጥኩት ነው» ይላል።

ዛሬም ሚስቱ ሐረገወይን ለእንግዶቿ ታወራለች።

«ትርሲትን የመሰለች ቆንጆ እህት እያለችኝ ሽማግሌ የላከው ለእኔ ነው! አይደል እንዴ፣ ጌታዬ?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ለመሄድ ተነሥተው ነበር።

«በል ልጄ፣ ከሁለቱ እህትማማቾች የትኛዋን እንጠይቅልህ?» አሉት አንጋፋው።

«ት... ት... ት...»

ላብ በላብ ሆነ። ሽማግሌዎቹ አፍረውለት አቀረቀሩ።

«ሐረገወይንን» አላቸው፣ አንዴም ሳይደናቀፍ።