የስድስት ብር ጃንጥላ

ባላባቱ ጥቁሩን ጃንጥላ አንዴ ዘርግተው አጠፉትና ወደ ሽማግሌው ነጋዴ ወደ ኤርካሎ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ስድስቱን ብር እከፍልሃለሁ፤ ለሰዉ ግን ጮክ ብለህ ሠላሳ ነው በል።» የሶዶ ገበያተኛ በዝናቡ ምክንያት የእንሰት ቅጠል ደፍቶ ከሱቁ ደጃፍ ተኮልኩሏል፤ ዋጋውንም ለመስማት ጓጉቷል።

ሱቁ ያረፈበት መሬት የባላባቱ ነው፤ ያስቀየማቸውም ሰው በዚያ ሰንብቶ አያውቅም። ኤርካሎ ግን ወንጌልን ከተቀበለ ወዲህ ዋሽቶ ሸጦ አያውቅም፤ በስተእርጅና ይህን ለመጀመር ደግሞ ጉልበት አልነበረውም።

«ኧረ አባባ፣ ስንት ነው? ይንገሩንና እንረፍ» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ።

«ስድስት ብር ነው፣ ልጄ» አለ ኤርካሎ በዝግታ።

«ስድስት ከሆነማ ለእኔም አንድ ይስጡኝ።»

ደጃፉ በሳቅ ተሞላ። ባላባቱ ጃንጥላውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «እኔ የፈለግሁት ከዚህ የተሻለውን ነበር» አሉና ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ሳይቸኩሉ፣ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ኤርካሎ ጋቢያቸው ረጥቦ ትከሻቸው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ተመለከታቸው። ከዚያም ሱቁን ሊለቅ የቀረውን ዕቃ ከየሚስማሩ ያወርድ ጀመር።