ብርቅና ተራ

እህትየው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ስትገባ ታናሽ ወንድሟ ከሦስቱ ሳጥኖቹ ፊት ተገትሮ ጠበቃት። ሳጥኖቹን የሞላው የድንጋይ ሽበት ነው፤ እርጥብ ግድግዳ ባገኘበት ሁሉ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር።

"ዞር በል!"

"ምን ልታደርጊ?"

"በሽታው ከዚህ ነው የመጣው። እንቁራሪቶቼን አንድ በአንድ የጨረሰብኝ ያንተ ቆሻሻ ነው።"

"መርምረሽዋል?"

"የምን ምርመራ! ዓይን የለኝም?"

ይህን ክፍል ለምርምር ሥራ ከተጋሩ ወዲህ በደህና ቃል ተነጋግረው አያውቁም። የእሷ እንቁራሪቶች ዝርያ ከጫካ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀሩት ከክፍሉ ማዶ፣ ክዳን ባለው ትንሽ መስታወት ቤት ውስጥ ያሉት ወንድና ሴት ብቻ ናቸው። የሴቷ ሆድ በእንቁላል ተወጥሯል፣ ግን አልጥልም ብላለች። ካልጣለች ዘራቸው እዚሁ ያበቃል። እህትየው በተጨነቀች ቁጥር ክዳኑን ከፍታ፣ ሽበት እንዳይለጠፍበት መስታወቱን ትፈገፍጋለች። ዛሬ ጠዋትም ከወንድሟ ጋር እየተጨቃጨቀች ስትፈገፍግ ነበር።

"እማዬ አንቺን 'ብርቄ' እያለች ነው ያበላሸችሽ" አለ ወንድምየው። "አንቺ ብርቅ፣ እኔ ተራ። አሁን ደግሞ በእንቁራሪትና በሽበት መጣሽ፣ እትዬ?"

"ታዲያ ውሸት ነው? የኔዎቹ ከሞቱ በዓለም ላይ የሉም። ያንተን ሂድና ከሽንት ቤት ግድግዳ ፋቀው። ደግሞ መልሶ ይበቅላል፣ ምን ያነፋርቅሃል?"

ገፋ አድርጋው የፈላውን ውሃ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ለቀቀችው። እንፋሎቱ ፊቷን መታት፤ አረንጓዴው ወዲያው ጠወለገ። አንጀቷ ራሰ። ሁለተኛውንም ደገመችው። ወንድምየው ማየት አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሦስተኛው ላይ ዘንበል ልታደርግ ስትል ከሽበቱ መሃል ሁለት ዓይኖች አዩዋት።

ሴቷ እንቁራሪት ናት። ወንዱ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ከሥሯ፣ እርጥቡ አረንጓዴ ላይ፣ እንቁላሎቿ ተከማችተው ያብለጨልጫሉ። እህትየው ቀና ብላ ማዶ አየች። የመስታወት ቤቱ ክዳን ጠዋት በንዴት እንደተወችው ገርበብ ብሏል።

"ምነው ቆምሽ?" አለ ወንድሟ፣ ጀርባውን እንደሰጣት። "ጨርሺው እንጂ! መልሶ ይበቅላል ብለሽ የለ?"

ማንቆርቆሪያውን ባለበት ገታችው። የማንቆርቆሪያው አፍ ላይ አንድ የፈላ ጠብታ ተንጠለጠለ።

ሌላኛውን መዳፏን በጠብታውና በእንቁላሎቹ መሃል ዘረጋች።