አደይ አበባ የሌለው ካርድ

ኔቡላ የሚባለው የጠፈር ደመና ፎቶ ያለባቸውን የእንቁጣጣሽ ካርዶች አሳትሜ አስፋልት ዳር ዘርግቻለሁ። ሰው ሁሉ ያነሳና ይገለብጠዋል።

«ጭስ ነው እንዴ?»

«ኮከብ የሚወለድበት ደመና ነው!» ስል ዋልኩ፤ አንጀቴ አረረ።

«አደይ አበባ ያለው የለሽም?» ይሉና ጥለውኝ ይሄዳሉ።

አመሻሹ ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አዩኝ። መዳፋቸውን አንስተው ደግሞ ካርዱን አዩ። ሸፍነው እንደገና እኔን።

«አባባ፣ አደይ አበባ ያለው የለኝም!» አልኳቸው ሳይጠይቁኝ።

«ይሄንኑ ስጪኝ፣ የኔ እናት። ሐዋሳ ያለችው ልጄ ‹የታመመው ዓይንህ እንዴት ነው የሚያይልህ?› እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ማስረዳት አቅቶኝ ነበር፤ ይሄን ልላክላት። በግራ ዓይኔ ፊትሽ የሚታየኝ ልክ እንደዚህ ነው።»