አምስተኛዋ ክብ

ባንታየሁ እርሳሱን ከአርባኛው ጥያቄ ላይ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ከተሰመረባቸው አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ስህተቱን መምረጥ፣ ስህተት ከሌለ ደግሞ አምስተኛዋን ክብ ማጥቆር ነበረበት። አምስት ጊዜ አነበበው፤ እንከን አጣበት። ናይሮቢ ሲፈተን ይህ ሦስተኛው ነው። አሁንም ከወደቀ የኮሌጅ ዕድሉ ለሌላ ስደተኛ ይሰጣል።

«ጋሼ፣ አምስተኛዋ ምን አድርጋህ ነው?» ብላው ነበር ትናንት አያልነሽ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር በእናቷ ምግብ ቤት ልምምዱን የምታርምለት ልጅ። «የሳትካቸው በሙሉ መልሳቸው እሷ ናት። ዓረፍተ ነገሩ ሳዋ ከሆነ፣ እንከን ከሌለው፣ ዝም ብለህ እለፈዋ!»

«አንቺ የቀበሌ ሂስና ግለ ሂስ ላይ ተቀምጠሽ አታውቂም» አላት። «እኛ ጋ ‹ስህተት የለብኝም› ያለ ሰው ሁለት ስህተት ይዞ ነው የሚወጣው፤ አንዱ የተባለው፣ ሁለተኛው መካዱ።» ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ጥፋት አዘጋጅቶ ይሄድ ነበር። ማርፈድ ለዚህ ይመቻል። አምስት ዓመት ሙሉ ማርፈዱን ተናዟል፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ፈርሟል፤ አርፍዶ ግን አያውቅም።

«አንድ ደቂቃ ቀረ» አለች ፈታኟ። አራቱን ቃላት በየተራ አያቸው፤ ምስኪኖች፣ ምንም አላደረጉም። ደክሞት ነበርና አምስተኛዋን አጠቆረ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ «እርግጠኛ ነህ ጓድ?» የሚለውን ድምፅ ጠበቀ።

ፈታኟ ወረቀቱን ከፊቱ አነሳች። «አሳንቴ» ብላ አመስግናው ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ባንታየሁ ገና አልተነሣም። ሌላው ቢቀር ቃለ ጉባኤው ላይ የሚፈርም መስሎት ነበር።