የልምምድ ስልክ

«ደውይ!» አለ አሰልጣኙ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ላለችው ለሚጣ በእጁ ምልክት እየሰጠ። የሊፍት ቴክኒሻኗ ስልክ ጮኸ። ታናሽ እህቷ ሚጣ እዚያው በቅርብ ርቀት፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስትደውልላት፣ እሷ ባህር የተሻገረች መስላ ልታነሳ ነው። ሳቋን ዋጠች።

ድርጅቱ ወደ ውጭ ቅርንጫፉ የሚልካቸውን ሠራተኞች የሚያዘጋጀው እንዲህ ነው። የበረሃ አበሉን፣ የቤት ኪራዩን፣ በዓመት አንዴ የሚሰጠውን የአገር ቤት ትኬት አሰልጣኙ ጠዋት አስረድቶ ጨርሷል። የቀረው ይህ ልምምድ ነበር። አንድ የቤተሰብ ሰው ችግር ገጠመን ብሎ ይደውላል፤ ተጓዡ ሳይደናገጥ መልስ ይሰጣል። የችግሩን ዓይነት አሰልጣኙ ለደዋዩ ብቻ በቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል።

«ሃሎ፣ ሚጣዬ!» አለች ቴክኒሻኗ፣ ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍታ፣ ወደ ወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ። ተራቸውን የሚጠብቁት ባልደረቦቿ ሳቁ።

«እትዬ…» ሚጣ ወረቀቱን አየት አደረገችና ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «እማዬ አሟታል።»

ጎሽ፣ አለች ቴክኒሻኗ በሆዷ። ቀላል ነገር እንዳይደርሳት ፈርታ ነበር።

«ምን ሆነች?»

«ጉበቷ ነው። ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረን።»

«አይዞሽ፣ እንዳትደናገጪ። ሕክምናውን የድርጅቱ ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል። የጎደለውን ከበረሃ አበሌ እልካለሁ። በዓመቱ ደግሞ በትኬቴ ራሴ ከተፍ እላለሁ። ዓመት ምን አላት!»

«ለዓመቱ አትደርሺላትም፣ እትዬ።» የሚጣ እንባ በጉንጯ ወረደ።

«ኧረ ይቺስ ተዋናይ ናት!» አለ ነገረኛው ኤሌክትሪሻን። «እህቷን ትተን እሷን እንላካት!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቴክኒሻኗም ኮራች። ውሸት ገና ካፏ ሳይወጣ ፊቷ የሚያጋልጣት ሚጣ ናት እንዲህ ያለቀሰችው?

አሰልጣኙ ግን አላጨበጨበም። ወደ ጠባቧ ክፍል ገባና የተደፋውን ወረቀት አንስቶ አነበበ።

«እኔ የሰጠሁሽ እኮ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ የሚለውን ነው፣» አለ ግራ ተጋብቶ። «ሕመም የሚል ለማንም አልሰጠሁም።»

ቴክኒሻኗ ክው አለች። ወንበሩን ተደግፋ ቆመች። የሚያጨበጭቡት አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኤሌክትሪሻኑ የሚገባበት ጠፋው።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አለች፣ አሁንም በስልኩ።

«ውሉን የፈረምሽ ሰሞን። አውሮፕላን ሳትሳፈር ትንፍሽ ብትሉ ጡቴ ይቁረጣችሁ ብላ እማዬ አስማለችን። ፊትሽን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ከረመ። አሁን ስልኩን ስይዝ… አመለጠኝ። ይቅር በይኝ።»

ቴክኒሻኗ ሚጣ ላይ ተናደደች፣ እናቷ ላይ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ ግን ፈራች። ውሸት ነው የሚላት ሰው ፈለገች። የሚጣን ስልክ ዘጋችና እቤት ደወለች።

«ወዬ፣ የኔ ልጅ! ትምህርቱ አለቀ?» እናቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ ነበር ያነሱት።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«እኔ ደግሞ ምን እሆናለሁ! ሻንጣሽን እያደራጀሁልሽ ነው። ሹራብሽን ከታች አደረግኩት፣ ጫማሽን በጎን ሸጎጥኩት። ብቻ አልዘጋ ብሎኝ ላዩ ላይ ተቀምጬበታለሁ!»

ሳቁ። የዘወትር ሳቃቸው ነው፤ ምንም አልጎደለውም። ቴክኒሻኗ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሳቁ ሲያበቃ፣ በቃልና በቃል መሀል፣ እናቷ አየር ሲያጥራቸው ሰማች። በየማታው አንድ ክፍል ውስጥ እየተኙ፣ ይህን ትንፋሽ እስከዛሬ ሰምታው አታውቅም ነበር።